በጀማል እጅ የጠፋው ኢንተርኔት

ማክሰኞ፣ የካቲት 24። ጠዋት 3፡10

መዝገብ ቤቱን ከፈትኩ። አቧራውን ጠረግኩ። የትናንቱን ፋይል መደርደሪያው ላይ መለስኩ። ዞር ስል ጀማል ወንበሬ ላይ ተቀምጧል። ወንበሬ ላይ! ሃያ አራት ዓመት የተቀመጥኩበት ወንበር። መፋቂያውን አፉ ውስጥ ሰክቶ፣ እግሩን ዘርግቶ፣ ኮምፒውተሬ ላይ አዲስ ዊንዶው እየጫነ ነው። አሮጌው ጊዜው አልፎበታል አለኝ። ማን ጠየቀው? ሰባት ዓመት ሠርቼበታለሁ፤ አንድ ቀን ጊዜዬ አልፏል ብሎኝ አያውቅም።

ስለ ጀማል ገና አልነገርኩህም፣ ደብተሬ። አምና ከባቲ የመጣ የት/ቤታችን የኮምፒውተር ባለሙያ ነው፤ ባለሙያ የሚለው ቃል የቅጥር ደብዳቤው ላይ አለ፣ ሌላ ቦታ አላየሁትም። የኮንትራት ሠራተኛ ነው። ኮንትራቱ በመጋቢት አጋማሽ ያልቃል። የሚታደስለት ር/መምህሩ ጥሩ አስተያየት ጽፎ ለዞኑ ከላከለት ነው። ሚስትና ሁለት ልጆች አሉት። ይሠራል ወይ ስትለው ኢንሻአላህ ይልሃል። ተበላሽቷል ስትለው አልሐምዱሊላህ ይልሃል። በሁለቱ መካከል ሲሠራ አይቼው አላውቅም።

አስተግፊሩላህ። ረመዳን ነው። በዚህ ወር ለሰው ክፉ ቃል አልናገርም ብዬ ኒያ አድርጌያለሁ። አንተን የያዝኩህም ለዚሁ ነው። ለሰው ያልተነገረውን አንተ ቻለው።

ያው ቀን፣ 7፡00

ጭኖ ጨረሰ። ኢንተርኔት የለም። ጠዋት የነበረው ዋይፋይ ምልክቱ ራሱ ጠፍቷል። ጀማል ማሽኑን አጥፍቶ አበራው። ደግሞ አጥፍቶ አበራው። ይህን ይህንማ እኔም እችላለሁ፣ ያለ ዲግሪ። "ረኮን ህን ጅሩ፣ እትዬ" ይለኛል፤ ችግር የለም ማለቱ ነው። ችግር ከሌለ ኢንተርኔቱ የታለ?

አዲሱ ዊንዶው ዋይፋዩን የሚያውቅበት ፕሮግራም ጎድሎታል አሉ፤ ድራይቨር ይሉታል። በስልኩ አውርዶ ነገ በፍላሽ ያመጣዋል። ከመጫኑ በፊት ማሰብ አይቻልም ነበር? ቤቱን አፍርሶ ሲያበቃ ቆርቆሮ ፍለጋ የሚወጣ ዓይነት ሰው ነው።

የመንፈቀ ዓመቱ የተማሪዎች ውጤት እስከ ረቡዕ መጋቢት 2 ለዞኑ መላክ አለበት። የሚላከው ከዚህ ማሽን ብቻ ነው፤ ዞኑ የመዘገበው እሱን ነው። ልብ በል፤ የዞኑ ጽ/ቤት ከዚህ በባጃጅ አምስት ደቂቃ ነው። እዚሁ ከሚሴ! በፍላሽ ይዤላችሁ ልምጣ ብዬ ደወልኩ። የምንቀበለው በሲስተም ነው አሉኝ። ከበራቸው ላይ ቆሜ ብሰጣቸው አይቀበሉኝም፤ ዓለምን ዞሮ ከመጣ ይቀበላሉ። ጉድ ነው።

ረቡዕ፣ የካቲት 25። 4፡30

ጀማል ፍላሹን ይዞ መጣ። ሰካ፣ ጫነ፣ መፋቂያውን ከግራ ጉንጩ ወደ ቀኝ አዛወረ። ዋይፋዩ መጣ። ውጤት የሚላክበት የዞኑ ገጽም ተከፈተ። ሮጦ ሄዶ ር/መምህሩን ጠርቶ አመጣው።

ር/መምህሩ ሰይድ ነው። ፊት ለፊት አንቱ እለዋለሁ፤ እዚህ ግን ሰይድ ነው፤ ዘጠነኛ ክፍል ሲገባ ስሙን መዝገብ ላይ የጻፍኩት እኔ ነኝ፣ ያኔም ንፍጡን አይጠርግም ነበር። አየና ሲስተሙ ገብቷል አለ። ሲስተም የሚለውን ቃል ከማን እንደተዋሰው አላውቅም፤ እስካሁን አልመለሰውም። ጀማል አጋጣሚውን አላባከነም፤ እናቱ ባቲ ታመውበታል፣ እስከ ማክሰኞ ፈቃድ ጠየቀ። ሰይድ ትከሻውን መታ መታ አድርጎ ፈቀደለት። በ5 ሰዓቱ ሚኒባስ ይሄዳል። እናቱን አላህ ያሽራቸው። እሱ ግን ሥራ በሚበዛበት ሰሞን መጥፋት ያውቅበታል።

ያው ቀን፣ 8፡00

ከሰዓት ማሽኔን ወደ ነበረበት መመለስ ያዝኩ። በግራ የነበረውን ቁልፍ መሃል ላይ አምጥቶታል። የማላውቀው ባሕር ዳርቻ ሥዕል ለጥፎበታል። ቀኑንና ሰዓቱን ደግሞ የፈረንጅ አድርጎታል።

ይኸኛው አስቆጣኝ። የእኔ ማሽን የሚቆጥረው በኛ ነው። ደብዳቤ ስጽፍ ቀኑን ራሱ ያስገባል። አንድ ጊዜ በፈረንጅ ቀን የወጣ መሸኛ ዞኑ ቀኑ ገና አልደረሰም ብሎ መለሰብኝ፤ ተማሪው በጨፋ ሮቢትና በከሚሴ መካከል ሲመላለስ ሰነበተ። ከዚያ ወዲህ በእጄ አስተካክዬ ነው የምሠራው፤ 25/6/2018፣ ሰዓቱም በኛ። ጥቅምት መጨረሻ ላይ ማሽኑ ሁለት ቀን ይዘላል፤ እመልሰዋለሁ። አንዳንድ ወር 31 የሚባል ቀን ያመጣብኛል፤ እሰርዝበታለሁ። ጳጉሜን ጭራሽ አያውቃትም፤ እኔም በጳጉሜን ደብዳቤ አልጽፍም። ይህን ሁሉ ማንም አላስተማረኝም። ባለ ዲግሪው ግን አንድ ጊዜ ተቀመጠና ሰባት ዓመት ያስያዝኩትን አፈረሰው። ራሱ እንዲያስተካክል የሚያዘውን አጠፋሁና ወደ ቦታው መለስኩት። አንድ መሸኛ ጻፍኩ፣ አተምኩ፣ ማኅተም መታሁ። ቀኑ ልክ ነው።

9፡15

ኢንተርኔቱ ጠፋ! የጀማል ጥገና አምስት ሰዓት እንኳ አልቆየም። ምልክቱ አለ፤ ገጽ ግን አይከፈትም። ልክ እንደ ሠሪው፤ አለ ይባላል እንጂ የለም።

ሐሙስ፣ የካቲት 26። 3፡20

ጠዋት የዋይፋዩን ሣጥን ነቅዬ፣ እስከ ሠላሳ ቆጥሬ፣ መልሼ ሰካሁ። አረንጓዴው መብራት በራ። ገጹ አልተከፈተም። በራሴ ስልክ በዚያው ዋይፋይ ሞከርኩ፤ ይሠራል። ስለዚህ መስመሩ ደህና ነው፤ የታመመው ማሽኑ ነው። ማን አሳመመው? እኔ ስቀመጥበት ደህና ነበር።

ማሽኑ የጻፈልኝን ልንገርህ። በእንግሊዝኛ ነው፤ ሰዓትሽ ወደ ኋላ ቀርቷል ይላል። ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት አየሁ፤ 3፡20። ማሽኑ ላይ ያለውን አየሁ፤ 3፡20። ደቂቃ አይዛነፉም። ኋላ ቀር መባል ከሰው ሲገርመኝ አሁን ከዕቃም ጀመረ። አሮጌው ዊንዶውም አንዳንዴ እንዲህ ይቀባጥር ነበር፤ ግን ከሥሩ ልቀጥል ወይ የሚል ነበረው፤ ሰባት ዓመት ሙሉ ቀጥል እያልኩ ሠርቻለሁ። አዲሱ አይጠይቅም። ዝም ብሎ ይዘጋል። ተሻሻለ የሚሉት ይህን ነው።

7፡40

ለጀማል ደወልኩ። ከጀርባው የሰውና የግመል ድምፅ። እናቱ ትንሽ ተሽሏቸዋል። ማሽኑ ምን ይላል፣ የጻፈውን ያንብቡልኝ አለኝ። ምንም አይልም አልኩት። አዎ ዋሸሁ፣ በጾም አፌ። ግን እኔ ለጀማል እንግሊዝኛ ሳነብ፣ እሱ ሲያርመኝ! አይሆንም። እንግዲያው ከማክሰኞ በፊት ከዚህ ሆኜ ምንም ማድረግ አልችልም አለ። አልችልም የሚለውን ብቻ ጥርት አድርጎ ይናገራል።

ዓርብ፣ የካቲት 27። 5፡00

የስልክ መሥሪያ ቤቱ ሠራተኛ መጣ። የሆነ ነገር ሰክቶ ለካና መስመራችሁ ከጤነኛ ጤነኛ ነው አለ። ኮምፒውተሩ ላይ የተነካ ነገር አለ ወይ ብሎ ጠየቀኝ። እኔ ምንም አልነካሁም፣ የነካ ሰው ባቲ ነው አልኩት። ሳቀ። ከሱ ጋር አብሬ ሳቅሁ።

8፡30

ከጁምዓ መልስ ሰይድ መጣ። ዓይኑ ቀልቷል። ዞኑ ደውሎለታል፤ ውጤት ያልላከ የኛ ት/ቤት ብቻ ነው። አጥፊው ተለይቶ በጽሑፍ ይምጣልኝ አለ። እሱ ሁልጊዜ የሚፈልገው መፍትሔ ሳይሆን አጥፊ ነው። በዚህ አልተስማማሁም ብልህ ደግሞ እዋሽሃለሁ፤ እጄ ብዕር ላይ ነበር።

ጻፍኩት። በእጄ ነው የጻፍኩት፤ ማሽኑን አላመንኩትም። ከሃያ አራት ዓመት ጽሑፌ ሁሉ ያማረ ወጣ፤ ሠራተኛው ሳይታዘዝና ሳያጠና በወሰደው እርምጃ፣ በሙያ ብቃት ማነስና በቸልተኝነት፣ የት/ቤቱ ሥራ ስለተስተጓጎለ። ስለተስተጓጎለ ላይ ስደርስ ደስ አለኝ። ሰይድ አነበበና ይኸው ነው አለ። ከራሱ አስተያየት ጋር አያይዞ ዛሬውኑ ለዞኑ ላከው፤ የጀማል ኮንትራት እንዳይታደስ። ይህኛው በባጃጅ ሄደ። በሲስተም ይምጣ ያለ የለም።

ቅዳሜ፣ የካቲት 28። 10፡00

ለማፍጠሪያ የሚሆን ልገዛ ገበያ ወጣሁ። ቲማቲሙ የተረገጠ፣ ሻጩ የተኮፈሰ። እየተከራከርኩ ሳለ አንዲት ሴት ከኋላ ጎንበስ ብላ እጄን ሳመችኝ። የጀማል ሚስት ፋጡማ ናት፤ ትንሹን ልጅ አዝላ። አማቷ እንደተሻላቸው ነገረችኝ። ጀማል ቤት ሲገባ ስለኔ ነው አሉ የሚያወራው፤ እዚያ ግቢ ውስጥ ሥራ የሚያውቅ ሰው እሳቸው ብቻ ናቸው ይላል አለችኝ። ከዚያ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ ኮንትራቱ ይታደስ ይሆን ወይ ብላ ጠየቀችኝ። ትልቁን ልጅ በመስከረም እዚሁ ከሚሴ ት/ቤት ሊያስገቡት አስበዋል፤ ካልታደሰ ወደ ባቲ መመለሳቸው ነው።

ኢንሻአላህ አልኳት። እኔ! የጀማልን ቃል በኔ አፍ ሰማሁት። ቲማቲሙን በተባለው ከፍዬ ሄድኩ። ለምን እንደከፋኝ አላውቅም። ደብዳቤው እውነት ነው፤ ማሽኑን የነካው እሱ ነው።

ሰኞ፣ የካቲት 30። 4፡05

በሩን ቆልፌ ነው የምጽፈው።

ጠዋት እንደገና ዘጋብኝ። ንዴቴን ላወጣበት ብዬ ከሥር ያለውን ዝርዝር የሚል ቃል ተጫንኩ። አንድ ወረቀት አመጣ። ገጹ እውነተኛ ነው ብሎ የሚመሰክር ማስረጃ ቢጤ ነው፤ ገጹ የሚከፈተው በሱ ነው። እንደኔ ላለ ሰው ደግሞ ማስረጃ ማንበብ ቀላል ነው። ለማን ተሰጠ። ማን ሰጠ። ከመቼ እስከ መቼ ይጸናል። የሚጸናው ከ2025 ጀምሮ ነው ይላል። ከጎኑ ማሽኑ የዛሬ ቀን ብሎ የያዘው አለ፤ 30/6/2018።

ገባኝ። ሌላ ሰው አላስረዳኝም። ለማሽኑ ይህ ወረቀት ገና አልተሰጠም። የዛሬ ሰባት ዓመት ነው የሚሰጠው። ገና ያልደረሰ ቀን የያዘ ማስረጃ ይዞ የሚመጣ ተማሪ እኔም መስኮት ላይ ሲመጣ አባርራለሁ፤ ስንቱን አባርሬያለሁ። ማሽኑ ያደረገው እኔ የማደርገውን ነው። ሰዓትሽ ወደ ኋላ ቀርቷል ያለኝ ስድብ አልነበረም፤ ነገሩን በግልጽ እየነገረኝ ነበር። ቀኑ ለደብዳቤ ማጌጫ ብቻ ነው የመሰለኝ፣ ሰባት ዓመት ሙሉ።

ቀኑን የፈረንጅ አደረግኩት። ገጹ ተከፈተ። ወዲያው። ቀኑን ወደ ኛ መለስኩት፤ ተዘጋ። ደግሜ የፈረንጅ አደረግኩት፤ ተከፈተ። ሦስት ጊዜ ሞከርኩ፣ ሐሰት ይሆናል ብዬ። አይደለም።

ረቡዕ ጠዋት ጀማል ሠርቶት ነው የሄደው። ያበላሸሁት እኔ ነኝ። በዚህች እጄ።

ያው ቀን፣ 6፡00

ውጤቱን ላክሁ። ስድስት ደቂቃ ፈጀ። ሰይድ መጣና እንዴት አደረግሽው አለኝ። ሞካከርኩ አልኩት። ሞካከርኩ! የሌባ ቃል። ሳቀ፤ ባለሙያ ተብዬውን አንቺ አስናቅሽው አለ፤ ከመጋቢት አጋማሽ ጀምሮ የኮምፒውተሩን ሥራ ደርበሽ ትይዥዋለሽ አለኝ። ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ የማውቀው ሰው ያመሰገነኝ ዛሬ ገና ነው። ያስጠላል።

ማንም አያውቅም። ይህን እዚህ የጻፍኩት አንተ ስለማትናገር ነው። እስካሁን የናቅኳቸውን ሁሉ ቆጠርኩና ራሴን ጨመርኩ። ከሁሉም የባስኩ እኔ ሆንኩ። ሌላው የማያውቀውን አያውቅም፤ እኔ የማላውቀውን አውቃለሁ ብዬ ጽፌ ፈርሜበታለሁ።

ማክሰኞ፣ መጋቢት 1። 3፡30

ጀማል ተመለሰ። ከባቲ የግመል ወተት በጀሪካን ይዞልኝ መጥቷል፤ ለማፍጠሪያዎ አለኝ። መፋቂያው እዚያው አፉ ውስጥ ነው። ስለ ደብዳቤው ነግረውታል። ፊቱ ላይ ያየሁት ቁጣ እንዲሆን ተመኘሁ፤ አልነበረም።

ወንበሬን ለቀቅሁለት። ተቀመጠ፤ ገጾቹን ከፍቶ ዘጋ። አንድ የማላውቀው ዝርዝር ውስጥ ገብቶ ትንሽ ቆየ፣ አነበበ፣ ዘጋው። ተነሣና እትዬ ሉባባ፣ ሳላጠና መጫኔ ጥፋት ነው፣ አስቸገርኩዎት፣ አውፍ ይበሉኝ አለ። እኔን! አውፍ በይኝ!

እሺ ብዬ ራሴን ነቀነቅሁ። ምን ዓይነት ሰው ነኝ? ወተቱን ተቀበልኩት፤ ይቅርታውንም ተቀበልኩት። ማታ ወተቱን አልጠጣውም፣ ለጎረቤት እሰጠዋለሁ።

ረቡዕ፣ መጋቢት 2። 5፡00

ሱሑር ላይ ወሰንኩ። የሰው ሐቅ ይዤ ጾምኩ ብል ማንን ነው የማታልለው። ሁለተኛ ደብዳቤ ጻፍኩ። ይኸኛው አያምርም። በየካቲት 27 የጻፍኩት ትክክል አይደለም። ኢንተርኔቱ የተቋረጠው እኔ ራሴ የኮምፒውተሩን ቀን በመቀየሬ ነው። አቶ ጀማል ሥራውን በአግባቡ ሠርቷል። ሦስት ዓረፍተ ነገር። ሌላውን የጻፍኩት በሩብ ሰዓት ነበር፤ ይኸኛው እስከ ፈጅር ወሰደብኝ።

ለሰይድ ሰጠሁት። ቆሞ አነበበ፣ ከዚያ ተቀመጠ፣ በሩን ዝጊው አለኝ። እትዬ፣ ጡረታዎ የቀረው ሁለት ዓመት ነው አለ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ እርስዎ አለኝ። ሥራው ተልኳል፣ ዞኑ ዝም ብሏል፣ የኮንትራት ሰው ይመጣል ይሄዳል። ይህ ወረቀት ከወጣ እኔም ሳላጣራ ፈርሜ ልኬአለሁ ማለት ነው አለ። አየህ? ፍራቱ የገዛ ፊርማው ነው። ወረቀቱን አጣጥፎ መለሰልኝ። አልተቀበልኩትም፣ ስለዚህ ደብዳቤው አልመጣም አለ።

አልመጣም! ለመዝገብ ቤት ኃላፊ! ቢሮዬ ተመልሼ ቁጥር ሰጠሁት፣ ማኅተም መታሁበት፣ አንዱን ቅጂ የጀማል ፋይል ውስጥ፣ አንዱን የራሴ ፋይል ውስጥ አስገባሁ። መጥቷል።

ያው ቀን፣ 9፡40

ለጀማል ነገርኩት። ከዙሁር ሶላት በፊት፣ ቧንቧው አጠገብ፣ እጁ ገና ሳይደርቅ። ሁሉንም ነገርኩት፤ ቀኑን፣ በስልክ የዋሸሁትን፣ ደብዳቤውን ማን እንዳሳመረው። አልተገረመም። ትናንት አይቼዋለሁ እትዬ አለ። ያ የማላውቀው ዝርዝር ማሽኑ ቀን ሲቀየርበት የሚመዘግብበት ነው፤ ረቡዕ፣ ስምንት ሰዓት አካባቢ፣ 2026 የነበረው 2018 ሆነ ብሎ ጽፎታል። ማሽኑም መዝገብ ቤት አለው ማለት ነው።

ታዲያ ለምን ዝም አልክ አልኩት። ጮኼም ሊሆን ይችላል። ሥራህ ነው እኮ! ልጆችህ ናቸው እኮ! ውሃውን ከክንዱ ጠረገና "እኔ ገና ብዙ እቀጠራለሁ፤ እርስዎን በዚህ ዕድሜዎ ሰው ፊት አቁሜ በምን ዓይኔ አይዎታለሁ?" አለኝ።

ሞኝ! ሥራውን እንደ ትርፍ ወንበር ለቆልኝ ሊሄድ። ደግሞ ዕድሜዎ አለኝ! ሃምሳ ስምንት ዓመቴ ነው። እንዲህ ያለ ሰው እንዴት ቤተሰብ ያስተዳድራል? ልቆጣው ብዬ አፌን ስከፍት አለቀስኩ። ግቢው መሃል፣ ተማሪ እያየ። እዚያ ያየኝ ሁሉ ነገ ስሜን ያነሣል፤ ያንሣ።

ሐሙስ፣ መጋቢት 3። 4፡15

ዞኑ ጽ/ቤት፣ የሰው ኃይል ክፍል በር ላይ። አግዳሚ ወንበር ላይ ጉልበቴ ላይ ዘርግቼህ ነው የምጽፈው። ሰይድ ስላልላከው ራሴ ይዤው መጣሁ። በሲስተም ይምጣ ብለው አልመለሱኝም፤ ጊዜ የላቸውም፣ ስልካቸውን ያያሉ። እኔ ጋር የሚመጣ ባለጉዳይ ሁሉ እንደዚህ ነው የሚያየኝ ለካ፤ በመስኮት።

ሊሉኝ የሚችሉትን ሁሉ ደረደርኩት። ጡረታሽን። ሐሰተኛ ደብዳቤ። ሃያ አራት ዓመት። ከዚህ በፊት ማን ላይ እንዲህ ጻፍሽ። የመጨረሻውን እፈራዋለሁ፤ መልስ አለኝና።

የጀማልን ኮንትራት የሚወስኑት ኃላፊ ወ/ሮ መዲና ናቸው፤ ፋይሉ ጠረጴዛቸው ላይ ነው፣ ከበሩ ስንጥቅ ይታየኛል። ነገ ዓርብ ይፈርሙበታል። ለዚህ ነው ዛሬ መሆን ያለበት።

ጸሐፊዋ ወጣች። ወጣት ናት፣ ጥፍሯ ሂና ተቀብቷል፣ አፏ ውስጥ ማስቲካ የለም፣ ግን የምታኝክ ትመስላለች። ደብተሯን ከፍታ የማን ጉዳይ ነው አለችኝ። ስደርስ የነገርኳቸውን ይዛ ቀድማ የጀማል ጉዳይ ብላ ጽፋለች። አይደለም፣ የኔ ነው አልኳት። ኃላፊዋ የሚያውቁት የጀማል ነው አለች። እኔ ደግሞ የኔ ነው አልኳት፣ ሉባባ ብለሽ ጻፊው፣ ጥፋቱ የኔ ስለሆነ።

ቀና ብላ አየችኝ። መዝገቡ ላይ የጀማልን ስም ሰርዛ የኔን ጻፈች። ግቢ አለችኝ።